ወንድምጋሼ የላከልኝን እንግዳ ሁሉ ዘመዴ ነው ልበል?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎ ላይ የባልና ሚስት ጉዳይ ስለሚበዛ የእኔ ነገር ቦታው እዚህ ይሁን አይሁን እንጃ። የሚያሳስበኝ ግብር ነው። ግብር ብቻ ግን አይደለም።

የ38 ዓመት ሴት ነኝ፣ መምህርት። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አባታችን የሸመንደፈር ሠራተኛ ነበር። እናታችን ቀድማ ነው ያረፈችው፤ እሱም ከሞተ 4 ዓመት ሆነው። ቤቱን ለሁለታችን ትቶልናል፣ ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ። ወንድሜ አምስተርዳም ከሄደ 16 ዓመቱ ነው። «ወንድምጋሼ» ነው የምለው፤ እስከ ዛሬ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። የአባባን የሕክምና ወጪ በሙሉ የቻለው እሱ ነው።

በ2016 ለታኅሣሥ ገብርኤል መጥቶ ሳለ ድሬ ላይ አልጋ ጠፍቶ ሰው ሲንከራተት አየ። ግቢያችን ውስጥ ያሉትን ሁለት የፊት ክፍሎች አሳደሰ። ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ ለቀቃቸው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ አይጠፋም። ዲያስፖራ አለ፣ ሐረር ጀጎልን ሊያይ የሚሄድ ፈረንጅ አለ፣ ለሥራ የሚመጣ የድርጅት ሰው አለ። የሚከፍሉት በዩሮ ነው፣ እዚያው እሱ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ለእኔ በየወሩ 15 ሺህ ብር ይልክልኛል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያው ነው። በጠቅላላ ስንት እንደሚገባ ጠይቄው አላውቅም። አንሶላ የማጥበው፣ ሮቶ የማስሞላው፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር በሎሚ የምፍቀው፣ ሌሊት በር የምከፍተው እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር ሁለት ሰዎች መዝገብ ይዘው ቤት ለቤት መጡ። «ክፍል ታከራያላችሁ?» አሉኝ። በዚያች ሰዓት ሁለት ፈረንጆች ዛፉ ሥር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። «የወንድሜ እንግዶች ናቸው፣ ዘመድ ናቸው» አልኩ። አንደኛው ፈረንጆቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ፈገግ ብሎ የሆነ ነገር ጻፈ።

ሰፈራችን ውስጥ ፔንሲዮን ያላቸው እትዬ አሉ፤ የእናቴ ጓደኛ ነበሩ። ፈቃድ አውጥተው፣ ግብር እየከፈሉ ነው የሚሠሩት። ዕድር ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «እኔ ለአንድ አልጋ ስንት ቦታ እከፍላለሁ፣ እዚህ አጠገቤ ዘመድ በዝቶ ገበያዬን ጨረሰው» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ወንድሜን ሳማክረው «ዝም በይ፣ ገንዘቡ የሚገባው እዚህ ነው፣ እነሱን አያገባቸውም» አለኝ። «ደግሞ ከደመወዝሽ ይቆረጥብሽ የለም እንዴ? ስንቴ ልትከፍዪ ነው?» ይለኛል። ብመዘገብ ያለፈውን ሁሉ ይጠይቁኛል ብዬ እፈራለሁ። ዝም ብል ደግሞ እንቅልፍ የለኝም። ወንድሜን ካስቀየምኩ ውለታውን የበላሁ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

ስሜ ይቆየኝ፣ ከከዚራ

ውድ እህቴ፣

ያ ሰውዬ መዝገቡ ላይ ምን እንደጻፈ እኔም አላውቅም። ሁለት ፈረንጅ ዛፍ ሥር አስቀምጠሽ «ዘመድ ናቸው» ስትዪው ግን ሳቁን እንዴት እንደተቆጣጠረው ይገርመኛል። ሳነበው ሳቅኩ፣ ይቅር በዪኝ። ለአንቺ ሳቅ እንዳልሆነ ቀጥሎ ያለው መስመር ነግሮኛል።

ደግሞ ያቺ ቃል ዝም ብላ ከአፍሽ የወጣች አይመስለኝም። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ድሬ ምን እንደምትመስል ታውቂያለሽ። ቁልቢ ሊሳለም ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም የመጣው ሰው ሆቴሉን ሞልቶ፣ ፔንሲዮኑን ሞልቶ፣ የተረፈው በየሰዉ ግቢ ይገባል። የቤቱ ልጆች ክፍላቸውን ለቀው ፍራሽ ውጪ ያነጥፋሉ። እንግዳው ሲሄድ ለልጆቹ የሆነች ነገር እጃቸው ላይ ጣል ያደርጋል፣ ወይ ሲመጣ ስኳርና ቡና ይዞ ይመጣል። አንቺም እንዲህ ባለ ቤት ያደግሽ ይመስለኛል። በዚያ ላይ ወንድምሽ ዋጋ ጨመረበት፣ ሌሊት ቆጠረበት፣ ፎቶ አነሣለት። እንግዳው ደንበኛ ሆነ። አፍሽ ግን ገና ዘመድ ይላል።

ስለዚህ ራስሽን እንደ ሌባ አትዪ። ሁለተኛ ጊዜ ግን አትበዪው። አንዴ ደንግጠሽ ያልሽው ነው። ሁለተኛው ታስቦበት የተባለ ይሆናል፤ ያንን ደግሞ ራስሽም ታውቂዋለሽ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሮቶውን ነገርሽኝ፣ አንሶላውን ነገርሽኝ፣ ሎሚውን ሳይቀር ነገርሽኝ። አንድ ነገር ብቻ አልነገርሽኝም፤ ቤቱ በዓመት ስንት እንደሚያስገባ። ያልነገርሽኝ ስለማታውቂው ነው። እንቅልፍ የነሳሽ ግብሩ ብቻ ነው ወይስ ይሄም አለበት? እስቲ ረጋ ብለሽ ጠይቂው ራስሽን። ግብር የሚሰላው ከሆነ ቁጥር ተነስቶ ነው። ቁጥሩ አምስተርዳም ነው ያለው። በር ላይ መዝገብ ይዘው ሲመጡ የሚያገኙት ደግሞ አንቺን ነው።

ወንድምሽ ያለሽን ሁለት ነገር አንድ በአንድ እንየው፤ ምክንያቱም እሱን ስታናግሪው ይሄን ይዘሽ ነው የምትነሺው።

«ከደመወዝሽ ይቆረጣል» ያለው እውነት ነው፣ ግን ሌላውን አይሸፍንም። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ፣ ቁጥር 979፣ ገቢን በየዓይነቱ ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው። ደመወዝ ሠንጠረዥ ሀ ነው። የቤት ኪራይ ሠንጠረዥ ለ። ንግድ ሠንጠረዥ ሐ። እያንዳንዱ ለብቻው ይሰላል። በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1395 ሲሻሻልም ይሄ አሠራር አልተነካም። እና ሁለቴ መክፈል አይባልም፤ ሁለት ገቢ ነው ያለሽ። መጠኑም በየደረጃው እየጨመረ የሚሄድ ነው፤ ትንሹ ገቢ ነፃ ነው፣ የላይኛው ጣሪያ 35 በመቶ ነው። ስለዚህ ሰው እንደሚያወራው «ግማሹን ይወስዱታል» አይደለም።

«ገንዘቡ የሚገባው እዚህ ነው» ያለው ግን አያስኬድም። ቤቱ ያለው ድሬ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ቤት የተገኘ ገቢ፣ ተከራዩ የትም አገር ሆኖ ቢከፍል፣ ገንዘቡ የትም ባንክ ቢገባ፣ የኢትዮጵያ ገቢ ነው። ዩሮው ለግብር ሲሰላ በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ብር ይመለሳል።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 አለፈ። ዩሮውም አብሮ ወጣ። አንቺ ደግሞ «ከመጀመሪያው ጀምሮ ያው ነው» ብለሽ ጽፈሻል። ቤቱ የሚከራየው በዩሮ ነው፤ አንቺ የምታገኚው 15 ሺህ ብር ግን አልተነቃነቀም። እሱ ዛሬ ያንኑ 15 ሺህ ለመላክ የሚያወጣው ዩሮ ድሮ ከሚያወጣው በጣም ያነሰ ነው። ክፉ አስቦ ነው አልልም። ብዙ ሰው «በብር ይሄን ያህል እልካለሁ» ብሎ አንዴ ይወስንና ይረሳዋል። ግን አስቢው፤ ዛሬ ብድግ ብለሽ በስምሽ ብትመዘገቢ፣ ግብሩ የሚሰላው ዩሮው በብር ሲመታ በሚመጣው ሙሉ ገቢ ላይ ነው። በእጅሽ ያለችው ግን 15 ሺህ ናት። ያላየሽውን ገንዘብ ግብር ልትከፍዪ ነው። እና «ነገውኑ ሄደሽ ተመዝገቢ» የምልሽ ከመሰለሽ፣ አይደለም። መጀመሪያ ቁጥሩ ይምጣ።

ወንድምሽ አምስተርዳም እንደሚኖር መንገርሽ ደግሞ ጠቅሞኛል። ያ ከተማ በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ሰው የሚኖርበትን ቤት ለቱሪስት ማከራየት በዓመት ከ30 ሌሊት እንዳይበልጥ አደረገ። አከራዩ የምዝገባ ቁጥር አውጥቶ ማስታወቂያው ላይ ያሰፍራል። እንግዳ ሲይዝ ለከተማው ያሳውቃል። የቱሪስት ታክሱም በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ 12.5 በመቶ ወጥቷል። ባርሴሎናማ የቱሪስት አፓርታማ ፈቃድን በ2028 እ.ኤ.አ. ጭራሽ አቆማለሁ ብላለች። ወንድምሽ እዚያ የራሱን ሳሎን ያለ ቁጥር ለአንድ ሌሊት የሚያከራይ አይመስለኝም። ቅጣቱን ያውቀዋላ! ይሄን እንደ ክርክር አታምጪበት፣ ይቆጣል። ግን አንድ ጥያቄ አድርገሽ ብትጠይቂው ይበቃል፤ «ወንድምጋሼ፣ እዚያ ብትሆን እንዲህ ታደርገዋለህ?»

የአባባ ሕክምናን ነገር አልዘለልኩትም። ትልቅ ውለታ ነው። ግን ለእሱም አባቱ ነበሩ። እሱ ገንዘብ ላከ፣ አንቺ አስታመምሽ። ሌሊት ውኃ ያቀበለ፣ ያገላበጠ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ የያዘ ማን ነበር? ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም፣ ግን እሱ አምስተርዳም ከነበረ መልሱ አይጠፋኝም። ሒሳብ ለመተሳሰብ አይደለም የማነሳው። «ውለታ አለብኝ» የሚለው ሸክም አንቺ ላይ ብቻ የተጫነ መስሎ ስለታየኝ ነው።

በሕጉም ቢሆን ሁለታችሁም ወራሽ ናችሁ። የጋራ ንብረት የሚያስገኘው ገቢ እንደየድርሻ ነው የሚካፈለው። የአንቺ ጉልበት ደግሞ ከዚያ ውጪ ነው። ወራሽነታችሁ በፍርድ ቤት ተረጋግጧል? ካርታው ዛሬም በአባባ ስም ነው? ወንድምሽ ዜግነት ቀይሮ ከሆነ ቢጫ ካርድ አለው? እነዚህን እስካሁን ካላያችኋቸው ጊዜው አሁን ነው። ፈቃድ ላውጣ ብትዪም፣ ውል ልፈርም ብትዪም የሚጠየቁት እነዚሁ ናቸው። እሱ እዚህ ስለሌለ በኤምባሲ በኩል ውክልና ሊልክልሽ ይገባል። ሳይወክልሽ የእሱን ድርሻ ወክለሽ የትም አትፈርሚ።

አሁን ስልኩን እናንሳ። የድሬ ሰው ስልክ ላይ ሰላምታ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ አውቃለሁ። ሰላምታው ሲያልቅ እንዲህ በዪው፦ «ወንድምጋሼ፣ የአባባ ቤት በሥርዓት እንዲሠራ ፈልጌ ነው። ከታኅሣሥ 2016 ወዲህ ስንት ሌሊት እንደተያዘ፣ ስንት እንደገባ፣ ስንት ኮሚሽን እንደተቆረጠ ዝርዝሩን አውርደህ ላክልኝ። እሱን ሳላይ ሰው ቢመጣ የምመልሰው የለኝም። እስከዚያው አዲስ እንግዳ አትቀበል።» ከዚህ በላይ ማብራራት አይጠበቅብሽም። ዝርዝሩ እንዲህ ባሉ ገጾች ላይ ተጠራቅሞ የተቀመጠ ነው፣ አውጥቶ ለመላክ ብዙ አያደክመውም። ቢቆጣ ይቆጣ። ታላቅ ወንድም ነው፣ መቆጣት ይችልበታል። «አትቀበል» የምትለዋን ግን አትተያት። በርሽን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ፤ አልከፍትም ካልሽ ማስታወቂያው ብቻውን ምንም አይፈይድም።

ቁጥሩ እስኪመጣ አንቺም ደብተር ያዢ። ያጠብሽውን አንሶላ፣ ያስሞላሽውን ሮቶ፣ የመብራቱን፣ የገዛሽውን ሳሙና ጻፊ። ሎሚዋንም ጭምር። ለወንድምሽ የምታሳዪው እሱን ነው። ደረሰኝ ያለውን ደግሞ ደረሰኙን አስቀምጪ፤ ወደ ሕጋዊ ሥራ ከገባሽ ወጪ ለማስቀነስ የሚሠራው ወረቀት ያለው ነው።

ያለፈውን ይጠይቁኛል ያልሽው ፍርሃት እውነት ነው፣ አላቃልለውም። ሊጠይቁሽ ይችላሉ። በታክስ አስተዳደር አዋጁ፣ ቁጥር 983/2008፣ ሳይመዘገቡ መቆየትም ቅጣት አለው፣ ዘግይቶ መክፈልም አለው፤ የዘገየው ደግሞ በየወሩ እየጨመረ ነው የሚሄደው። ዝም ማለት ነገሩን አያቆመውም፣ ያፋፋዋል። በሌላ በኩል ዕዳውን በየጊዜው ከፋፍሎ ለመክፈል በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ቅጣት እንዲነሳ ማመልከትም አለ። ማመልከቻ ደግሞ በራሱ እግር የመጣ ሰው ሲጽፈውና ተይዞ የመጣ ሰው ሲጽፈው አንድ አይደለም። ከመሄድሽ በፊት ለአንድ ሰዓት የሒሳብ ባለሙያ አማክሪ። ድሬ ውስጥ በሐምሌ የነጋዴውን ሒሳብ የሚሠሩ ልጆች ሞልተዋል፤ ከሐምሌ ውጪ ባሉት ወራት ደግሞ ፋታ አላቸው። የምትሰጪው ቁጥር እውነተኛው ይሁን። ቀንሰሽ ካስመዘገብሽ ያው «ዘመድ ናቸው»ን በወረቀት ደገምሽው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላስ? ክፍሎቹን ምን ታደርጊያቸዋለሽ? እዚህ ላይ ያንቺን ድካም ማወቅ እፈልጋለሁ። እንግዳ ማስተናገዱን ትወጂዋለሽ? ወይስ ወንድምሽ ስለጀመረው ነው የቀጠልሽው? አስተማሪ ሆነሽ፣ ፈተና እያረምሽ፣ ሌሊት ተነስቶ በር መክፈት ቀላል አይደለም።

ትወጂዋለሽ እንበል። እንግዲያው የእንግዳ ማረፊያ ሥራ ነው የምትሠሪው። አንሶላ እየቀየሩ፣ ቁርስ እያቀረቡ፣ በሌሊት ሒሳብ ማሳደር ከቤት ኪራይ ይልቅ ወደ ንግዱ ያደላል። ግብር ከፋይነት ምዝገባ፣ ንግድ ፈቃድ፣ ከባህልና ቱሪዝም የብቃት ማረጋገጫ ትጠየቂያለሽ። ሁለት ክፍል ለዚያ ይበቃ እንደሆን አንድ ብር ሳታወጪ አስቀድመሽ ሄደሽ ጠይቂ። መጠየቅ አያስከፍልም። ልፋት አለው፣ ግን ጥቅምም አለው። የድርጅት ሰው ይመጣል ብለሻል። ያ ሰው አንድ ቀን «ደረሰኝ ስጪኝ» ብሎሽ አያውቅም? ያለ ደረሰኝ ወጪውን ማወራረድ አይችልም። ከኪሱ ላለመክፈል ሲል በሚቀጥለው እትዬ ጋ ነው የሚያርፈው።

ደክሞሻል እንበል ደግሞ። ክፍሎቹን ለሚኖርበት ሰው በወር ልታከራዪ ትችያለሽ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ በጽሑፍ ውል አድርጉ፣ አስመዝግቡ ይላል። ውሉ ከ2 ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም። ጭማሪም በዓመት አንዴ ነው። ግብሩ በሠንጠረዥ ለ ይሄዳል፣ ለጥገና ተብሎም ከገቢው የሚቀነስ አለ። ገንዘቡ ያንሳል። አንሶላ ግን የለም። የታኅሣሥ ገብርኤል ሲመጣ ክፍሎቹ የሉሽም፤ ይሄንንም አስቢበት፤ የምር ዘመድ ሊመጣ ይችላላ።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሰርቪስ ክፍሌን ያለ ውል ለአንድ ልጅ አከራይቼ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፣ ወረቀት ምን ያደርጋል ብዬ። አንድ ማለዳ የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ አገኘሁት። የሦስት ወር ኪራይና ቴሌቪዥኔ አብረውት ሄደዋል። ለፖሊስ ላመልክት ስነሳ ሙሉ ስሙን እንኳ አላውቅም። የቤቴ ሰዎች እስካሁን ያሾፉብኛል። አንቺ ቤት ደግሞ የማያድር ሰው የለም። ምንም መንገድ ብትመርጪ የእያንዳንዱን እንግዳ መታወቂያ ወይ ፓስፖርት አይተሽ መዝግቢ። ከቀበሌና ከፖሊስ ጋር ስለ እንግዳ ምን ማሳወቅ እንዳለብሽም ጠይቂ። ሌሊት በር የምትከፍቺ ሴት ነሽ፤ ይሄ ከግብሩም በፊት ነው።

አሁን ወደ እትዬ። ዕድር ላይ ያሉት ያማል። ሰው ፊት ባይሉት ይሻል ነበር። ግን ቃሉን መልሼ ሳየው፣ ስምሽን አልጠሩም፣ ለማንም አልከሰሱሽም። የእናትሽ ጓደኛ ናቸው። መጥተው ለብቻሽ ሊነግሩሽ ሲያስቡ ከርመው፣ አልሆንላቸው ብሎ በዕድር ቀልድ የወጣ ይመስለኛል። ደግሞ እውነታቸውን ነው። የውኃው፣ የመብራቱ፣ የሠራተኛው ወጪ አለባቸው፣ በላዩ ላይ ግብሩ። አንቺ ያንን ሳትከፍዪ በዋጋ ብትበልጪያቸው ጎበዝ ስለሆንሽ አይደለም።

እና አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ቢያስቅሽም ስሚኝ። ሁለቱን ክፍሎች ለእሳቸው ብታከራዪስ? እሳቸው ሥራውን ያውቁታል፣ ፈቃድ አላቸው፣ ደረሰኝ ይቆርጣሉ፣ ሠራተኛ አላቸው። ለታኅሣሥና ለሐምሌ ገብርኤል ደግሞ አልጋ የሚጎድላቸው ይመስለኛል። አንቺ የወር ኪራይሽን በውል ትቀበያለሽ፣ የኪራይ ግብርሽን ትከፍያለሽ፣ ማታ ትተኛለሽ። ፈቃዳቸው ያንቺን ግቢ እንዲያካትት ምን እንደሚያስፈልግ አብራችሁ ጠይቁ። ወንድምሽ ከኢንተርኔቱ ያነሰ ገንዘብ ነው ይል ይሆናል። ይበል። ድርሻው በየወሩ በባንክ፣ በወረቀት ይደርሰዋል። ላይሳካም ይችላል፣ እሳቸውም «አይ ልጄ፣ አርጅቻለሁ» ሊሉሽ ይችላሉ። ግን ከሦስቱ መንገድ እኔን ያጓጓኝ ይሄ ነው፤ እውነቱን ልንገርሽ።

ለማናቸውም እሳቸው ጋ የምትሄጂው ቁጥሩን እስክታገኚ ጠብቀሽ አይደለም። በዚህ ሳምንት ሂጂ። ስኳርና ቡና ይዘሽ፣ ከሰዓት፣ ፀሐዩ ሲበርድ። «እትዬ፣ ያሉት ገብቶኛል፣ እያስተካከልኩ ነው» በያቸው። ማስረዳቱን ለቡናው ሁለተኛ ስኒ አቆዪው።

ወንድምሽ ዝርዝሩን ሲልክልሽ ጻፊልኝ። ካልላከም ጻፊልኝ።